ገላጋይ ያጣ ክንድ

ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሺዓለም ትጮሃለች። ማታ አንድ ሰዓት ላይም ትጮሃለች። ፒያሳ ያለው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሊፈርስ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ግቢው ውስጥ የሚኖሩት ስድስት አባወራዎች ሰዓታቸውን በእሷ ጩኸት ማስተካከል ይችሉ ነበር። ማንም ግን አይመጣም። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ያ ግቢ ሰው ኡኡ ሲል የጣደውን ድስት ጥሎ፣ ሱሪውን በግማሽ ታጥቆ የሚሮጥ ግቢ ነበር፤ በሌላ በሌላው ይታማ እንደሆነ እንጂ በገላጋይነት አይታማም። አሁን ግን ጩኸቱ ሕክምና ነው ተብሏል። ሕክምና ነው ያሉት ደግሞ ሽማግሌዎች ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በጥር መጨረሻ፣ እሑድ ቀትር ላይ ነው። የሺዓለም ፒያሳ ካለ አንድ የቆየ ካፌ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የቡና ማሽን ላይ የቆመች ሴት ናት። የእሷን ማኪያቶ ብለው ከስድስት ኪሎ በእግራቸው የሚወርዱ መምህራን ነበሩ። ባሏ አባይነህ ብረት በያጅ ነው፤ ክንደ ወፍራም፣ ንግግረ አጭር፣ ሲቆጣ ደግሞ ጭራሽ የማይናገር። ያን ቀን ስልኳ ጠራ። የደወለው የካፌው ባለቤት ነው፤ የማሽኑ ጎሚኒ፣ ውኃውን የሚይዘው ጎማ፣ ተበልቶ እያፈሰሰበት ነበር።

«በእሑድ ቀን ምን ይፈልጋል?» አለ አባይነህ።

«ማሽኑ ያፈሳል ነው የሚለኝ።»

«ማሽኑ ብቻ?»

የሺዓለም ሳቀች። የካፌው ባለቤት ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሳቁ ከዚያ ነው የመጣው። አባይነህ ቀኝ ክንዷን ይዞ ወደ ኋላ ጠመዘዘው፣ ገፍቶ በሩ ላይ ጣላት፣ ክርኗ እሱ ራሱ የበየደው የብረት መድረክ ላይ አረፈ። ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ጁወይሪያ አጥንቱ ቋ ሲል ሰምታዋለች። በርበሬ ስታማስል ነበርና ማማሰያዋን እንደያዘች ገብታ ጀርባውን ባለ በሌለ ጉልበቷ አቀመሰችው። ከእሷ ቀጥሎ ጋሽ አጽብሐ መጡ፤ ፒያሳ የወርቅ ቤት ያላቸው፣ ከትግራይ ከመጡ አርባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው አንገቱን ቆልፈው ከላይዋ አነሡት። ለዚያ ቀን ግቢውን የሚወቅሰው የለም።

ወጌሻው ክንዷን ቀጥ አድርጎ በሸምበቆ አሰረው። አርባ አምስት ቀን እንዳይፈታ አለ፤ አልተፈታም። ሲፈታ ክንዱ ቀጥ እንዳለ ቀረ። ክርኗ አልታጠፍ አለ። ቀኝ እጅ አፍ ጋ ካልደረሰ ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ነው የገባት። ጉርሻ ቀርቶ የራሷን እንጀራ ጠቅልላ መጉረስ አትችልም። ጸጉሯን መሥራት አትችልም። ሥላሴ ሄዳ ቆማ፣ ሰው ሁሉ ሲያማትብ እጇ ከጎኗ ተንጠልጥሎ ቀረና በሻርፗ ሸፈነችው። የካፌው ባለቤት ዕቃ ማጠቢያ ላይ አደረጋት፤ ማሽኑን እስከ ሰኔ ለማንም እንደማይሰጥባት ነገራት። ያን ጊዜ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያ ክንድ እንዲታጠፍ።

ሆስፒታል ሄደች። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው። «አጥንቱ ገጥሟል፤ መጋጠሚያው ግን ደርቋል። ፊዚዮቴራፒ ያስፈልግሻል» አላት። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ደግሞ የአሥር ሳምንት ቀጠሮ ሰጣት። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ሦስት ባለሙያ ብቻ ነው ያለው። «እስከዚያ ቤት ውስጥ አንቀሳቅሽው» አላት ካርድ የሚጽፈው ልጅ፣ ቀና ሳይል። እንዴት አድርጋ እንደምታንቀሳቅሰው ያሳያት የለም። ቀጣዩ ተጠራ።

የሺዓለም ወደ ቤት ተመልሳ ሻንጣዋን አዘጋጀች። ደብረ ብርሃን እህት አላት፤ ልትሄድ ነው። አባይነህ ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹ ጋሽ አጽብሐና አቶ ሉልሰገድ ነበሩ። አቶ ሉልሰገድ የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት አሳልፈው ጡረታ ወጥተዋል፤ ተናግረው ሲጨርሱ ማኅተም የመቱ ይመስላቸዋል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑማ የሺዓለም ባልሰማቻቸው ነበር። አባይነህ እግሯ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ እውነተኛ ለቅሶ ነበር። አቶ ሉልሰገድ ሁለቱንም አዳምጠው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ካሳ በገንዘብ አንፈርድብህም» አሉት። «አንተው ነህ የሰበርካት፤ አንተው ትጠግናታለህ። ሆስፒታሉ በቤት ይንቀሳቀስ ካለ፣ ጧትና ማታ ክንዷን እያሸህ የምታጥፈው አንተ ነህ። ካሳህ ይኸ ነው።»

«እሺ ጋሼ። በሥላሴ ስም።»

«ታማለች፤ ትጮሃለች። ብትጮህም እንዳታቆም። ካላመማት አይለቅም።» ከዚያ በሩ ላይ ወደ ተሰበሰቡት ጎረቤቶች ዞሩ። «እናንተም ጩኸት ሰማን ብላችሁ እንዳትገቡባቸው። ሕክምና ነው።»

ፍርዱ ሁሉንም ደስ አሰኘ። ጁወይሪያ እንባዋን ጠረገች። ጋሽ አጽብሐ «ጎሽ፣ ጓለይ፣ ልጄ፣ ቤትሽን አትበትኚ» አሏት። የሺዓለም ራሷ ፍርዱን ወደደችው፤ እውነቱ ይኸ ነው። ክንዷን ፈልጋዋለች። ደግሞም እዚህ አገር ያላመመ ነገር አዳነኝ የሚል ሰው አይታ አታውቅም። ሻንጣዋን ፈታች።

አደራረጉ እንዲህ ነው። እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። እሱ ዱካ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ የላይኛውን ክንዷን በጉልበቶቹ መሃል ቆልፎ ይይዛል። ለብ ያለ ዘይት ይቀባታል። ከዚያ አንጓዋን ጨብጦ ወደ ትከሻዋ ይገፋል። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ በጡንቻው፣ በመጨረሻ ብድግ ብሎ በሙሉ ክብደቱ ይጫናል።

የመጀመሪያውን ሳምንት እሱም አብሯት ያለቅስ ነበር። እሷ ስትጮህ ዓይኑን ጨፍኖ «ይቅር በይኝ የሺ፣ ይቅር በይኝ» እያለ ይገፋል። ክንዱ አራት ጣት ያህል ታጠፈ። አባይነህ ግቢው መሃል ቆሞ ለሁሉም ነገረ። ምግብ ሲቀርብ ያጎርሳታል፤ በግራዋ ልትበላ ስትሞክር «እኔ ሞቻለሁ?» ይላታል። ሴቶቹ እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል ይሉ ጀመር። ከሁለት ወር በፊት አጥንቷን የሰበረው ይኸው ሰውዬ መሆኑን የረሱት እንዳይመስላችሁ። ታርቋላ፤ ከዚያ በላይ ምን ፈልጋችሁ።

ከዚያ ክንዱ ቆመ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያች ከአራት ጣት አልፎ አልሄድም አለ።

«እየተገታተርሽብኝ ነው» አላት።

«አልተገታተርኩም። ከውስጥ የሚይዘው ነገር አለ።»

«ልቀቂው፤ ብትለቂው ይታጠፋል።»

ክርኗ አበጠ፣ ጋለ፤ ከውስጡ የሆነ ነገር እየጠጠረ ሄደ። የእሱም ለቅሶ ደረቀ። የሺዓለም ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገባት። የሚገፋበት ጉልበት ከክንዷ ጋር አይገናኝም፤ ከውሎው ጋር ነው የሚገናኘው። የሠራው በር ተጣሟል ተብሎ ሲመለስበት፣ ማታ ክንዷ አበሳውን ያያል። ታክሲ ውስጥ ሰው ሲሰድበው ክንዷ ይቀበላል። አንድ ማታ ካፌ ውስጥ ማን እንዳናገራት እየጠየቀ ነበር የሚገፋው፤ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ግፊት። ቀድሞ ሲመታት ቢያንስ በማግስቱ ያፍር ነበር። አሁን ሲጨርስ እጁን በፎጣ አብሶ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ይላታል። እየጠላችው እንደሆነ ታወቃት።

አንድ ጧት ቦኖው ዘንድ ጁወይሪያን አገኘቻት።

«እየለቀቀልሽ ነው አይደል የሺዬ?» አለቻት ጁወይሪያ፣ ጀሪካኗን እየቀዳች።

«እየለቀቀ አይደለም። እየገደለኝ ነው። ስጮህ አትሰሚኝም?»

ጁወይሪያ ዓይኗን ውኃው ላይ አደረገች። «እሰማሻለሁ እንጂ። ዛሬ ጧት ሆዴ አልችል ብሎ ሬዲዮ ከፈትኩ። ግን ሕክምና እኮ ነው እህቴ። ጋሽ ሉልሰገድ አትግቡ ብለዋል። አላህ ያሽርሽ፤ ቻይው።»

የሺዓለም ውኃ ሳትቀዳ ተመለሰች።

የቀጠሮዋ ቀን በግንቦት መጨረሻ፣ ሐሙስ ዕለት ደረሰ። አባይነህ ሥራ ሄዶ ስለነበር ብቻዋን ሄደች። ፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ሁለት አልጋና አንድ መስኮት ያለው ጠባብ ክፍል ነው፤ ኮሪደሩ ላይ እግር የሌለው፣ አንገቱ የማይዞር፣ ግማሽ አካሉ የከዳው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተራ ይጠብቃል። ስታየው ለካ ይኼ ሁሉ ሰው ነው አለች በሆዷ። ያከመቻት ዳናይት የምትባል ባለሙያ ናት፤ በዕድሜ እኩያዋ ትሆናለች። ክርኗን በሁለት ጣት ብቻ ነካ አደረገችውና እጇን ሰበሰበች።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«ባለቤቴ። እንዲያጥፈው ተፈርዶበት ነው።»

«ማን ነው የፈረደው?»

«ሽማግሌዎች።»

ዳናይት አዲስ ራጅ አስነሣቻት። መልሱ ሲመጣ መስኮቱ ጋ ወስዳ አሳየቻት። መጋጠሚያው ፊት መኖር የሌለበት ነጭ ነገር ተጋግሯል።

«ይኼ አጥንት ነው» አለቻት። «ክርን በጉልበት ሲገፋ ሥጋው ይደማል፤ ደጋግሞ የደማ ሥጋ ደግሞ እዚህ ቦታ አጥንት ያበቅላል። የሚይዘው ነገር አለ ያልሽው እውነትሽን ነው። እሱ በገፋ ቁጥር ግንቡን እያሳደገው ነው።»

የሺዓለም ነጩን ነገር በግራ ጣቷ ነካችው። «ባይነካውስ ኖሮ?»

ዳናይት ልትዋሻት ፈልጋ ነበር፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። አልዋሸቻትም። «የተፈታ ሳምንት አይተንሽ ቢሆን፣ ራስሽ እያንቀሳቀስሽው በሁለት ወር ውስጥ ትጎርሺበት ነበር። አሥር ሳምንት ማስጠበቃችን የእኛ ጥፋት ነው። አሁንም ግን አልሞተም። ከዛሬ ጀምሮ ከአንቺ በቀር ማንም እንዳይነካው። አንቺም እስኪስብሽ ድረስ ነው፣ እስኪያስጮህሽ አይደለም። ካስጮኸሽ ስህተት ነው። ሰምተሽኛል? ሰኞ ተመለሽ፤ በተራ አትያዢም፣ በቁርሴ ሰዓት አይሻለሁ።»

የሺዓለም ሰምታለች። ካስጮኸሽ ስህተት ነው። እቤቷ እስክትደርስ ይህቺን ዐረፍተ ነገር ስታኝካት መጣች።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ አባይነህ ዘይቱን ሲያሞቅ ነገረችው። ስለ ነጩ አጥንት፣ ስለ ራጁ፣ ማንም አይንካው ስለመባሉ። እየሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«እኔ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ስለፋ ነው ጥፋተኛ የሆንኩት?»

«አንተን አላለችም። መግፋቱን ነው ያለችው።»

«ሰብሮ ሰብሮ አጥንት አበቀለባት ብለሽ አወራሽ። ሴትዮዋ ጋ ሄደሽ ስሜን ጠራሽ።»

«አባይነህ፣ ክንዴን አትንካው።»

ንግግሩ እዚያ ላይ ቆመ፤ መናገር ሲያቆም ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ወደ በሩ ተነሣች። ጸጉሯን ይዞ መልሶ አልጋው ላይ ጣላት፣ ደረቷ ላይ በጉልበቱ ተቀመጠ፣ ክንዷን በሁለት እጁ ያዘ። የሺዓለም ጮኸች። «ጁወይሪያ» ብላ ጮኸች። «ጋሽ አጽብሐ» ብላ ጮኸች። «ሕክምና አይደለም፣ ሊገድለኝ ነው» ብላ ጮኸች። ከግድግዳው ወዲያ የሬዲዮው ድምፅ ከፍ አለ። አባይነህ ብድግ ብሎ ባለ በሌለ ክብደቱ ተጫነ።

ቋ አለ።

እጇ ትከሻዋን ነካ። የሺዓለም ከዚያ በኋላ ያለውን አታስታውስም። ስትነቃ አባይነህ ፊቷ ላይ ውኃ እየረጨ ይስቃል፤ እንባና ሳቅ ተደባልቀውበታል። «ታጠፈ» ይላታል። «የሺ፣ ታጠፈ። አላልኩሽም?»

የተሰበረ ክንድ ይታጠፋል። ከመጋጠሚያው በላይ ነው የታጠፈው። ይህን ግን ማን ይንገረው? ሮጦ አቶ ሉልሰገድ ቤት ገባና ፍርዱ ሠመረ አላቸው። ግቢው እልል አለ። አባይነህ ክንዷን በነጠላዋ አስሮላት ዓርብንና ቅዳሜን ሥራ ሳይሄድ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ እንድታርፍ፣ ማንም እንዳያውካት። ጁወይሪያ ሾርባ ይዛ መጥታ ከበሩ ላይ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት። የሺዓለም ከትኩሳቱ ውስጥ ሆና «ሰብሮኛል» አለች፤ ድምፅዋ ከከንፈሯ አልወጣም። አባይነህ ሾርባውን ተቀብሎ በሩን ዘጋ።

እሑድ የእርቁ ማብቂያ ግብዣ ሆነ። አባይነህ ሥጋ ገዛ። ሁለቱ ሽማግሌዎች መጥተው ገበታው ተከበበ። የሺዓለምን ደግፎ አምጥቶ አጠገቡ አስቀመጣት። ከንፈሯ ደርቋል፤ ከነጠላው ሥር ክንዷ ጭን ያህል አብጧል። አቶ ሉልሰገድ ግን ያዩት ማየት የፈለጉትን ነው።

«እንግዲህ እንየው» አሉ እየሳቁ። «ራስሽ ጎርሰሽ አሳይን።»

«ጋሼ፣ ሐኪሟ ማንም አይንካው ብላለች። ሐሙስ ዕለት ሰበረኝ።»

«ሲለቅ እንዲያ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ያየችሽ ሐኪም ከባልሽ በላይ ታውቃለች?»

«ታፍራለች እኮ» አለ አባይነህ። ነጠላውን ፈታው። እጇ ውስጥ ጥቅል እንጀራ አደረገ፣ አንጓዋን ያዘና ክንዷን አንሥቶ አጠፈው። አጥንቱ ውስጥ ለውስጥ ሲፋጭ ጋሽ አጽብሐ ሰምተው ፊታቸውን አኮማተሩ። የሺዓለም አልጮኸችም። መጮህ ምን እንደሚያመጣ ታውቃለች። አባይነህ በሌላው እጁ እንጀራውን ወደ አፏ እየገፋ «እዩ፣ እዩ» ይላል።

አፏን ከፈተች፤ ጥቅሉንም፣ ጥቅሉን የያዙትን ሁለት ጣቶቹንም አስገብታ ነከሰች።

ጥርሷ ሥጋውን አልፎ አጥንት አገኘ። አባይነህ አንጓዋን ለቀቀና በቡጢ ጆሮ ግንዷን መታት፤ ደገማት፤ ሠለሳት። አልለቀቀችም። አቶ ሉልሰገድ መንጋጋዋን ይዘው ሊፈለቅቁ ታገሉ። ገበታው ተገለበጠ። የወጥና የደም ጣዕም አፏን ሞላው፤ መንጋጋዋን ይበልጥ ጠበቅ አደረገች።

አባይነህ ጮኸ። አንዴ ነው የጮኸው። ግቢው ተነቅሎ መጣ። ጁወይሪያ በባዶ እግሯ ገባች፤ ከኋላዋ ሰው በሰው ላይ እየወደቀ በሩ ታጨቀ። ቤቱ ሰው ሲሞላ የሺዓለም አፏን ከፈተችና የነከሰችውን ወለሉ ላይ ተፋች። የአባይነህ ሌባ ጣት ጫፉ የለም።

«ምን ሆናችሁ መጣችሁ?» አለች።

በግራ እጇ አፏን አበሰች።

«መቶ አርባ ጊዜ ጮኼያለሁ። ሐሙስ ዕለት ስምሽን ጠርቼ ጮኼያለሁ፣ ጁወይሪያ። የእሱ አንድ ጩኸት እንዴት ተሰማችሁ?»

ጁወይሪያ አፏን በእጇ ሸፍና ቁጢጥ አለች። አቶ ሉልሰገድ «እኛ እኮ ሕክምና ነው ብለን» ብለው ጀመሩ፤ ዓይናቸው ከነጠላው ውጭ የቀረው ጥቁርና ሰማያዊ ክንድ ላይ አረፈ። ጋሽ አጽብሐ «ጓለይ» ብለው እጃቸውን ወደ ክንዷ ዘረጉ።

«እንዳይነኩኝ» አለቻቸው።

እጃቸውን መለሱ። አባይነህ ጣቱን ጨብጦ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነፍስ ዘራ፤ አንዱ ፎጣ፣ አንዱ አልኮል ፈለገ፤ ሁለት ጎረምሶች ታክሲ ለመጥራት ሮጡ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ታክሲው በሩ ላይ ቆመ። አባይነህን ተሸክመው አስገቡትና በሩን ዘጉ።

የሺዓለም የሆስፒታል ካርዷን ከፍራሹ ሥር አወጣች። በግራ እጇ ቀኝ ክንዷን ደግፋ፣ በእግሯ፣ ብቻዋን ዳገቱን ወጣች።